የግራ ፍሬ ደም ሥር መወጠርና ልጅ መውለድ፦ ኦፕሬሽኑ የሚጠቅመው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ «32 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ 28። መከላከያ ካቆምን ሁለት ዓመት አለፈን፤ እስካሁን አላረገዘችም። እሷ ሁለት ቦታ ታይታ "ምንም የለብሽም" ተብላለች። እኔ በቅርቡ ተመርምሬ የዘር ፈሳሼ 2 ሚሊ ሊትር፣ ቁጥሩ በአንድ ሚሊ ሊትር 8 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰው 25 በመቶ ነው ተባልኩ። በአልትራሳውንድ ደግሞ በግራ በኩል ቫሪኮሴል ታየ። አንዱ ሐኪም ቶሎ ኦፕሬሽን ግባ አለኝ። ሌላው ኦፕሬሽኑ ዋጋ የለውም፣ በቀጥታ አይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርምን ከማህፀን ውጭ የማዋሃድ ሕክምና) አድርጉ አለ። ጂም የሚሠራ ጓደኛዬ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን መርፌ ተወጋ ይለኛል። ልጅ እያለሁ ከባድ ዕቃ በመሸከሜ የመጣ ይሆን? ኦፕሬሽኑስ ወንድነቴን አይጎዳውም? ቤተሰብ በየበዓሉ ይጠይቀናል፤ የምለው ጠፍቶኛል።»

ምላሽ፦ ከሁሉም በፊት መርፌውን ይተዉት። ጓደኛዎ በቅንነት አስቦ ይሆናል፤ ምክሩ ግን ካሉበት ችግር ወደ ባሰ ይከትዎታል። ስፐርም የሚመረተው የዘር ፍሬ ራሱ በሚሠራው ቴስቶስትሮን ነው። ከውጭ ሲወጉት አንጎል ሆርሞኑ በቂ ነው ብሎ ወደ ፍሬዎቹ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ትእዛዙ ሲቆም ምርቱም ይቆማል። ጡንቻ ይፈረጥማል፣ ስፐርሙ ግን እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። መርፌው ከተቋረጠ በኋላም ምርቱ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን አይወጋም። ከዚህ በፊት ተወግተው ከሆነ ደግሞ ለሐኪምዎ አይደብቁ፤ የምርመራው ውጤት ትርጉም ሙሉ በሙሉ ይቀየራል።

አሁን ወደ ደም ሥሩ እንምጣ። ቫሪኮሴል ማለት ከዘር ፍሬ ደም ይዘው ወደ ላይ የሚመለሱት ደም መልስ ሥሮች ተለጥጠውና ተጠማዘው ሲገኙ ነው። በእነዚህ ሥሮች ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከላከሉ ትናንሽ ክዳኖች አሉ። ክዳኖቹ ሲደክሙ፣ ወይም ከነጭራሹ ሳይኖሩ ሲቀሩ፣ ደሙ ወደ ታች ይመለስና ይጠራቀማል፤ ሥሩንም ይወጥረዋል። ሰውየው ሲቆም ከረጢቱ ውስጥ ከፍሬው በላይ ለስላሳ እብጠት ይዳሰሳል፤ ሲጋደም ይጎድላል ወይም ይጠፋል። አንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ይከብደዋል፣ ያመዋል። ብዙው ግን ምንም አይሰማውም። ቡአ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ አይደለም።

ለምን ግራ? የግራው ደም መልስ ከቀኙ ይረዝማል። የሚገባውም ወደ ግራ ኩላሊት ደም መልስ፣ ያውም በ90 ዲግሪ ማዕዘን ነው። የቀኙ ግን በሰያፍ ወደ ትልቁ የሆድ ደም መልስ ይገባል። በዚህ የተነሳ በግራ በኩል ያለው ግፊት ይበዛል። ከአሥር ሰዎች ዘጠኙ ገደማ ላይ ችግሩ በግራ የሚታየው ለዚህ ነው። አፈጣጠር እንጂ የጥፋት ቅጣት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ወቅት፣ ፍሬዎቹ ሲያድጉና የሚፈስባቸው ደም ሲጨምር ነው። በልጅነትዎ የተሸከሙት ዕቃ አላመጣብዎትም። ብዙ ወንዶች አፍረው የማይጠይቁትን ልጨምር፦ ግለ ወሲብም አያመጣውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እብጠቱ በቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ፣ በትልቅ ሰው ላይ በድንገት ከመጣ፣ ወይም ሲጋደሙ ጨርሶ የማይጎድል ከሆነ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሆድ ውስጥ፣ በተለይ ኩላሊት አካባቢ፣ ደም መልሱን የሚጫን ዕጢ እንደሌለ መታየት አለበት። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ልጅ ከማሰቡ በፊት የሆድ ምርመራ ያድርግ።

የደም ሥሩ መወጠር ስፐርምን እንዴት ይጎዳል? ዋናው ሙቀት ነው። የዘር ፍሬ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለው ከተቀረው የሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ሲል በደንብ ስለሚሠራ ነው። በጤናማ ሰው ወደ ፍሬው የሚወርደውን ሞቃት ደም ያዘለውን ደም ቅዳ ሥር ደም መልስ ሥሮቹ ከበውት ያልፋሉ። ቀዝቀዝ ያለው ደም የሞቃቱን ሙቀት እየተቀበለ ይወጣል። ደም መልሱ ሲጠራቀም ይህ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ይዛባል። ሙቀቱ ከግራ ወደ ቀኝም ስለሚደርስ የአንድ ወገን ቫሪኮሴል የሁለቱንም ፍሬ ሥራ ሊያውክ ይችላል። «ቀኙ ጤነኛ ነው፣ አይበቃኝም ወይ?» ለሚሉ መልሱ ይህ ነው።

ሙቀቱና የተጠራቀመው ደም ሌላም መዘዝ አላቸው። ሴሎችን የሚያጠቁ የኦክስጅን ውህዶች ይበዛሉ። ስፐርም ደግሞ ራሱን ለመከላከል አቅሙ ደካማ የሆነ ሴል ነው። ጉዳቱ ጭራው ላይ ሲያርፍ እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ውስጡ ያለው ዲኤንኤ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ እንኳ የመጸነስ አቅሙ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቁጥርን ብቻ አይቶ «ደህና ነህ» ወይም «አበቃልህ» ማለት ትክክል አይደለም።

ይሁንና ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ አለ። ቫሪኮሴል በጣም የተለመደ ነገር ነው። ከመቶ ወንዶች 15 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ አብዛኞቹም ያለ ምንም ሕክምና ልጅ ይወልዳሉ። ልጅ አልመጣም ብለው ሐኪም ዘንድ ከሚመጡ ወንዶች መካከል ግን ከመቶ 35 እስከ 40 በሚሆኑት ላይ ይገኛል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሁለት ነገር እንማራለን። ደም ሥሩ በእርግጥ ከመካንነት ጋር ይያያዛል። ግን ስለተገኘ ብቻ ጥፋተኛው እሱ ነው ማለት አይቻልም።

ወንድነትን በተመለከተ ያለዎትን ስጋት ያውጡት። ቫሪኮሴል ስንፈተ ወሲብ አያመጣም፣ ኦፕሬሽኑም አያመጣም። ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮችና የደም ሥሮች በሌላ መስመር ነው የሚሄዱት። ቀዶ ሐኪሙ አይደርስባቸውም። የስፐርም መውጫው ቱቦም ሳይነካ ይቀራል፤ የሚወጣው ፈሳሽ መጠንም አይቀንስም። እንዲያውም በአንዳንድ ወንዶች ላይ የራሳቸው ቴስቶስትሮን ከኦፕሬሽኑ በኋላ ጨመር ይላል።

አሁን የእርስዎን ወረቀት እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዝቅተኛ መነሻ አድርጎ የሚያስቀምጠው በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 39 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ 42 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር የሚወልድና የማይወልድን የሚለይ ግድግዳ አይደለም። ሚስቶቻቸው በዓመት ውስጥ ያረገዙላቸው ወንዶች ተለክተው፣ ዝቅተኛዎቹ 5 በመቶ ካሉበት የተወሰደ መስመር ነው። ከመስመሩ በታች ሆነው የወለዱ አሉ፤ ከላይ ሆነው ያልወለዱም አሉ። የእርስዎ 2 ሚሊ ሊትር በ8 ሚሊዮን ሲባዛ 16 ሚሊዮን ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሩቡ፣ ማለትም 4 ሚሊዮን ነው። ለውሳኔ የሚጠቅመው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ዝቅተኛ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። «መካን ነህ» ያለዎት ሰው ካለ ተሳስቷል።

ደግሞ በአንድ ምርመራ ብቻ ማንም ውሳኔ ሊሰጥዎ አይገባም። የአንድ ጤነኛ ወንድ ውጤት እንኳ ከወር ወር በጣም ይለያያል። ስፐርም ተመርቶ እስኪበስል 74 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ እስኪወጣ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሁለት ሳምንት አለ። ስለዚህ ዛሬ የሚሰጡት ናሙና የሚናገረው ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ ስለነበሩበት ሁኔታ ነው። በዚያ ጊዜ ወባ ይዞዎት ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ኖሮብዎት ከነበረ ቁጥሩ በዚያ ሊወርድ ይችላል። ምርመራውን በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ይድገሙት። ከዚያ በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ። ናሙናውን እዚያው ላብራቶሪ ቢሰጡ ይመረጣል። ከቤት የሚያመጡ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በልብስዎ ሥር ሰውነትዎ ጋ አስጠግተው ይዘው ይድረሱ። የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰ ለላብራቶሪው ይናገሩ፤ ብዙው ስፐርም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው መሟላት ያለበት ነገር በእጅ መመርመር ነው። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። አልትራሳውንድ በእጅ የማይዳሰሱ በጣም ትናንሽ መወጠሮችን ሁሉ ያሳያል። በአልትራሳውንድ ብቻ የሚታይ ቫሪኮሴል በኦፕሬሽን ቢታሰር ለመውለድ እንደሚጠቅም አልተረጋገጠም። የሚጠቅመው በእጅ የሚዳሰሰው ነው። ምርመራው ሞቅ ባለ ክፍል፣ ቆመው፣ አምጠው ጭምር ይደረጋል። ሲያምጡ ብቻ የሚዳሰሰው አንደኛ ደረጃ፣ ሳያምጡ የሚዳሰሰው ሁለተኛ፣ በዓይን የሚታየው ሦስተኛ ደረጃ ነው። በዚያው የፍሬዎቹ መጠን ይነጻጸራል። ሱሪዎን ሳያስወልቅ በወረቀት ብቻ ኦፕሬሽን የሚያዝልዎ ሐኪም ካጋጠመዎ ሌላ ዘንድ ይሂዱ።

ሁለቱ ሐኪሞች ለምን እንደተለያዩም ከዚሁ ይገባዎታል። በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የጥናቶች ግምገማ ኦፕሬሽኑ እርግዝናን እንደማይጨምር ደምድሞ ነበር። ችግሩ ከተገመገሙት ጥናቶች አንዳንዶቹ የዘር ፈሳሻቸው ጤናማ የሆኑ ወንዶችን፣ ሌሎቹ ደግሞ በእጅ የማይዳሰስ ቫሪኮሴል ያለባቸውን ያካተቱ መሆናቸው ነው። ሕመም የሌለበትን ሰው አክሞ ለውጥ አላየሁም እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. ከሳዑዲ ዓረቢያ የወጣ ጥናት የሚዳሰስ ቫሪኮሴልና ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን ብቻ ወሰደ። በዓመት ውስጥ ከታከሙት 32.9 በመቶ፣ ካልታከሙት 13.9 በመቶ የሚሆኑት ሚስቶቻቸው በተፈጥሮ መንገድ አረገዙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ማስረጃ በአጠቃላይም ጠንካራ የሚባል አይደለም። ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው። ትክክለኛው ሰው ከተመረጠ ኦፕሬሽኑ ይረዳል። ደግሞ ቁጥሩን በሌላ ዓይን ይዩት፦ ከታከሙት ሦስት ወንዶች የሁለቱ ሚስቶች በዚያ ዓመት አላረገዙም። ዋስትና የሚሰጥዎ ሐኪም ካለ አይመኑት።

የኦፕሬሽኑ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ዛሬ የሚመረጠው ብሽሽት አካባቢ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ተቀዶ በማይክሮስኮፕ የሚሠራው ነው። ሐኪሙ ደም ቅዳውንና የሊምፍ ቧንቧዎችን ለይቶ ይተዋል፣ የተወጠሩትን ደም መልሶች ብቻ ያስራል። ደሙ በቀሩት ጤነኛ ሥሮች ይመለሳል። በዚህ መንገድ ችግሩ ተመልሶ የሚመጣው ከመቶ በአንድ ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። ማይክሮስኮፕ በሌለበት በድሮው መንገድ ሲሠራ መመለሱ ይበዛል፤ ፍሬው ዙሪያ ውሃ መቋጠርም ያጋጥማል። ፍሬው እስኪመነምን ድረስ ደም ቅዳው መጎዳት ብርቅ ነው፣ ግን አለ። በላፓራስኮፕም፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች ሆድ ውስጥ በሚገባ ካሜራ፣ ይሠራል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ያለ ቀዶ ጥገና፣ በአንገት ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሥሩን ከውስጥ የመዝጋት ሕክምና ልታገኙ ትችላላችሁ፤ አገር ቤት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ማይክሮስኮፕ የሚጠቀም ሐኪምም በሁሉም ከተማ የለም። «በማይክሮስኮፕ ነው የሚሠሩት? ይህን ኦፕሬሽን አዘውትረው ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ቢጠይቅ እንኳ ይምጡ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ባለቤትዎ «ምንም የለብሽም» የተባለችው ምን ተመርምራ ነው? አልትራሳውንድና ሆርሞን ብቻ ከሆነ ምርመራው አላለቀም። ማህፀን ውስጥ ቀለም ተጨምሮ የሚነሳው የቱቦ ራጅ መታየት አለበት። በእኛ አገር ካለፈ ኢንፌክሽን የተነሳ የሚመጣ የቱቦ መዘጋት ከዋነኞቹ የመካንነት ምክንያቶች አንዱ ነው። ሁለቱም ቱቦዎች ተዘግተው ከሆነ እርስዎ ቢታከሙ ያ ብቻውን እርግዝና አያመጣም፤ መንገዱ አይቪኤፍ ይሆናል። ስለዚህ የቱቦ ራጁ ውጤት ሳይታወቅ እርስዎ ኦፕሬሽን ክፍል አይግቡ። የሁለታችሁ ምርመራ ጎን ለጎን ይሂድ። ብዙ ቤት ውስጥ ሚስት ለዓመታት ትመላለሳለች፣ ባል አንዴም አይመረመርም። እርስዎ መመርመርዎ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ደግሞ ተራው ወደ እርስዎ ዞሮ ሸክሙ ሁሉ እርስዎ ላይ ብቻ እንዳይጫን እሰጋለሁ።

አይቪኤፍን ያዘዘው ሐኪም ስለ ሕክምናው አልተሳሳተም፤ ጊዜው ላይ ግን ቸኩሏል። አይቪኤፍ፣ በተለይም አንድ ስፐርም እንቁላል ውስጥ የሚወጋበት ዓይነት፣ በዝቅተኛ ቁጥርም ይሠራል። ሚስት 37 ወይም 38 ዓመት ቢሆናት እኔም በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ እል ነበር። ምክንያቱም የእንቁላል ዕድሜ አይጠብቅም፣ ኦፕሬሽኑ ደግሞ ውጤቱን ለማየት ወራት ይፈልጋል። የእናንተ ጉዳይ ግን ይለያል። እሷ ገና 28 ናት። አይቪኤፍ ውድ ነው፤ ለእሷም መርፌና ድካም አለው፤ በአንድ ሙከራ ላይሳካም ይችላል። ከታከሙት ወንዶች ከግማሽ በላዩ ላይ ደግሞ የዘር ፈሳሹ ውጤት ይሻሻላል። የእርስዎ 4 ሚሊዮን ወደ 10 ሚሊዮን ቢያድግ በተፈጥሮ የመጸነስ ዕድሉ ይሰፋል። ካልሆነም ታጥቦ የተዘጋጀ ስፐርም ማህፀን ውስጥ በማስገባት ብቻ የሚያልቅ ቀላል ሕክምና ሊበቃችሁ ይችላል። አሁን ባለው ቁጥር ያ ዕድል ጠባብ ነው።

ፋርማሲ የሚሸጡትን ቫይታሚኖች በተመለከተ ብዙ አይጠብቁ። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ከ2,300 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ዚንክና ፎሊክ አሲድ የሚወለዱትን ልጆች ቁጥር እንዳልጨመረ አሳይቷል። የተወጠረ ደም ሥርን የሚያስር ክኒን የለም። ሲጋራ ካለ ያቁሙ፤ መጠጥ ይቀንሱ፤ ሳውናና ስቲም ለጊዜው ይቅርብዎት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ምርመራውን ይድገሙ። የኤፍኤስኤች (ፍሬዎቹ ስፐርም እንዲያመርቱ ከአንጎል የሚላከው ሆርሞን) እና የቴስቶስትሮን የደም ምርመራ ይጨምሩበት። በድጋሚው ምርመራ ቁጥርዎ በሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊዮን በታች ከወረደ የዘረመል ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ባለቤትዎ የቱቦ ራጅ ትነሳ። በእጅ የሚዳሰስ ቫሪኮሴል ከተረጋገጠ፣ ውጤትዎ አሁንም ዝቅተኛ ከሆነና የእሷ ቱቦዎች ክፍት ከሆኑ በማይክሮስኮፕ ይታከሙ፤ አያቅማሙ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ኦፕሬሽኑን ይተዉት። ስፐርም ጨርሶ የማይታይባቸው ወንዶች ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይህ ምክር ለእነሱ አይሠራም።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤትዎ ይገባሉ። ደጋፊ የውስጥ ሱሪ ይልበሱ፤ ለሦስት አራት ሳምንት ከባድ ነገር አያንሱ። ቁስሉ ሲሽር፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ግንኙነት መጀመር ትችላላችሁ። ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም የከረጢቱ በፍጥነት ማበጥ ካለ ሳይዘገዩ ይመለሱ። የዘር ምርመራውን በሦስት ወር፣ ከዚያ በስድስት ወር ይድገሙት። በመጀመሪያው ወር ተመርምሮ ተስፋ መቁረጥ ትርጉም የለውም፤ የሚታየው ገና የድሮው ምርት ነው።

ለቤተሰብ «ሁለታችንም ሕክምና ላይ ነን» ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ማብራራት አይጠበቅብዎትም። በተለይ ጥያቄው ወደ ባለቤትዎ ብቻ ሲዞር መልሱን እርስዎ ይስጡ።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ዓመት ሞልቶት እርግዝና ካልመጣ፣ ወይም በስድስተኛው ወር ምንም መሻሻል ካልታየ፣ ሌላ ኦፕሬሽን ወይም ሌላ መድኃኒት አይሞክሩ። ያኔ ወደ አይቪኤፍ ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ማዕከላት አሉ፤ በመንግሥት በኩል ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አገልግሎቱን ይሰጣል። ቀጠሮው ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል የስድስት ወሩን ውጤት እንደያዙ ይመዝገቡ።